ዐይኑ የማን ነው

አቶ እሸቴ ቁጡ ሰው ናቸው ቢባል የሚከራከር ጎረቤት አይገኝም፤ የዚያን ቅዳሜ ረፋድ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ላይ የቆሙት ግን ከራሳቸው አልፎ ለሰው የሚተርፍ ቁጣ ይዘው ነበር። በአንድ እጃቸው ዱላቸውን፣ በሌላው የባለቤታቸውን የእማማ ጌጤን ክንድ ጨብጠዋል። እማማ ጌጤ ብርሃን ስለሚወጋቸው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው አውርደው፣ የማያቋርጠውን እንባ በጫፉ ይጠርጋሉ። ሁለቱ ከዐይን ሕክምና እየተመለሱ ነው፤ ዐይኑ ግን አልታከመም።

ከባጃጅ ስትወርድ ያየቻቸው ትዕግሥት ናት። የጎረቤታቸው ልጅ ስትሆን፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ነርሶችን ታስተምራለች። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸው።

“አያ እሸቴ፣ ምነው ደኅና? ሕክምናው አለቀ እንዴ?”

“መች ተጀመረና ያልቃል! ሐኪሙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘የዐይኗን ቆብ የምንሠራበት ሁለት መንገድ አለ፤ የትኛው እንደሚሻል ገና ስለማናውቅ እያጠናን ነው፤ ከፈቀደች የሚደርሳት በዕጣ ይለያል’ አለኝ። ልጄ፣ ዕጣ ለመሬት ይጣላል እንጂ ለሰው ዐይን ይጣላል? አላውቅም የሚል ሐኪም ምኑን ሐኪም ሆነ? ይዣት ወጣሁ።”

ቁጣቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የእማማ ጌጤ የዐይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ መታጠፍ ከጀመረ ወዲህ፣ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ በሚያንጠለጥሏት ወረንጦ ጸጉሩን የሚነቅሉት አቶ እሸቴ ራሳቸው ናቸው። የጧት ፀሐይ ደጃፍ ላይ ያስቀምጧቸውና፣ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሻቸውን ውጠው አንድ በአንድ ይለቅማሉ። እንዲህ የሳሱለትን ዐይን ለዕጣ አሳልፈው ይስጡት?

“የነቀሉት ጸጉር ተመልሶ አይበቅልም ወይ?” ስትል ጠየቀቻቸው ትዕግሥት።

“ይበቅላል። እንደ ተላጨ ጢም አጥሮ፣ ጠንክሮ።”

“አንድ ሁለት ሲሆን መንቀሉ ይረዳል፤ የእማማ ግን በዝቷል። ቀን ከሌት ብሌናቸውን እየፋቀው ነው። ጠባሳ ከያዘ ደግሞ የጠፋው ብርሃን በቀላሉ አይመለስም።”

አቶ እሸቴ ፊታቸውን አዞሩ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳቸው ይኸው ነበር።

“ሁለቱም መንገድ ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው” ስትል ቀጠለች። “ሁለቱም ጸጉሩን ወደ ውጭ ያዞራሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ተመልሶ ይታጠፋል። ይህ በየትኛው እንደሚያንስ ነው ያልታወቀው። እርስዎስ አዲስ የስንዴ ዘር ሲያገኙ ምን ያደርጋሉ?”

“ከነባሩ ጎን ዘርቼ አያለሁ።”

“አዲሱን ለም መሬት ላይ፣ ነባሩን ጭንጫ ላይ ቢዘሩስ?”

“ያማ ራስን መሸንገል ነው።”

“ሐኪሙም ራሱን እንዳይሸነግል ነው በዕጣ የሚለየው። ሕመሙ ቀለል ያለውን ሰው ሁሉ ለወደደው መንገድ ቢመርጥ፣ ሳይሻል የተሻለ ይመስለዋል።”

አዛውንቱ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። “እሺ ባትልስ?”

“ሕክምናው አይቀርባቸውም፤ በተለመደው መንገድ ይታከማሉ። ጥናቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ይቅርብኝ ቢሉም የሚቀየማቸው የለም። ጥናቱ ራሱ ሰው እንዳይጎዳ በሌሎች ባለሙያዎች ተመርምሮ ካልተፈቀደ አይጀመርም።”

“ነግረውኝ ይሆናል። ዕጣ ሲሉ ጆሮዬ ተደፈነ” አሉ አቶ እሸቴ፣ ድምፃቸው በርዶ። “በይ ጌጤ፣ እንመለስ። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ጣቴን ላትምልሽ።”

“አያ፣ የሚያትሙትማ እርስዎ አይደሉም።”

የበረደው ቁጣ ተመልሶ ነደደ። “ባሏ ቆሞ? ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?”

“ሰምቻለሁ። ግን ዐይኑ የማን ነው? የሚያመውስ ማንን ነው?” አለችና እማማ ጌጤ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ “እማማ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?” ስትል ጠየቀቻቸው።

አቶ እሸቴ እንደ ልማዳቸው ሊመልሱላቸው አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ እማማ ጌጤ ዐይን ብዙ ሲነገር፣ እማማ ጌጤን የጠየቀ አልነበረም።

“እኔን ነው?” አሉ፣ ነጠላቸውን ከፍ አድርገው። “እንግዲያ ልጠይቅ። ጸጉሩ ተመልሶ ቢታጠፍብኝ ይጥሉኛል?”

“አይጥሉዎትም። እየጠሩ ያዩዎታል፤ ከተመለሰም ያክሙዎታል።”

“ከእኔ ዐይን የሚማሩት ለሌላ ይተርፋል?”

“ይተርፋል። ለማያውቋት ሴት፣ ገና ላልተወለደችም።”

እማማ ጌጤ እንባቸውን ጠረጉ። “እናቴ በዚሁ ሕመም ታውራ ነው የሞተች። ከእሷ ዐይን ማንም አልተማረም። እንመለስ፤ የወጣው ይውጣልኝ።”

አቶ እሸቴ በመገረም አዩዋቸው። አብረዋቸው ያረጁት ሴት ይህን ያህል ነገር በሆዳቸው ይዘው መኖራቸውን አያውቁም ነበር። “ጌታ እንኳ ዕውሩን፣ ዕውርነቱን እያየ፣ የሚሻውን ጠይቆታል” አሉ ቀስ ብለው። “እኛ ማን ሆነን ነው የማንጠይቅ?”

ተመለሱ። ጣታቸውን ያተሙት እማማ ጌጤ ናቸው፤ ባላቸው ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

የዐይናቸው ቆብ በዕጣ በደረሳቸው መንገድ በዚያው ዕለት ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ፣ እማማ ጌጤ ያበጠውን ዐይናቸውን እየከፈቱ ወደ ጉና ተራራ አዩ። ብርሃኑ አልወጋቸውም። ከሁለቱ መንገዶች የሚሻለው ገና አልተለየም፤ አቶ እሸቴ ግን ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ሁሉ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። አላውቅም ብሎ የሚፈትሽ ሐኪም፣ ሳያውቅ አውቃለሁ ከሚለው እንደሚሻል፤ በጊዜ የታከመ ዐይን ሳይጠፋ እንደሚተርፍ፤ የተጠየቀ ሕመምተኛም ፍርሃቱን እንደሚናገርና ሕክምናውን እንደማያቋርጥ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚባለው ለታማሚ ብቻ ሳይሆን ለሐኪምም፣ ለባልም እንደሆነ ይጨምራሉ። ጎረቤታቸው ተስፋነህ ስለ ሚስቱ ዐይን ምክር ሊጠይቅ በመጣ ጊዜም “እሷስ ምን አለች?” ብለው ከደጅ መለሱት።

አንድ ጧት አቶ እሸቴ እንደ ልማዳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። የሚነቀል አልነበረም። ወረንጦዋን ከማተባቸው ፈትተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ።

“ጌጤ፣ ልጣላት ወይስ ትቆይ? አንቺ ምን ትያለሽ?”

እማማ ጌጤ ወረንጦዋን ሳይሆን እሳቸውን አዩ፤ ለረጅም ጊዜ፣ ያለ እንባ።

“ትቆይ፤ እሾህ መች ጠፋ” አሉ። “ይልቅ ቀና ይበሉ። ለካ አንቱም ሸብተዋል።”