የጀርመን ዶክተር

«አንቺ ልጅ፣ ጠጋ በይለት፤ ዶክተር ነው» አለችኝ ሴትዮዋ፣ ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ። እያጉረመረምኩ ጠጋ ስል፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የእህቷ ልጅ መሀላችን ተቀመጠ።

«አክስቴ፣ ገና እየተማርኩ ነው።»

«የጀርመንን ነው አሉ የምትማር። ሸጋ ነው።»

«አዎ፣ ሥነ ጽሑፋቸውን። ከጥንቱ ጀምሮ ዘመን በዘመን። አንዱ ዘመን አእምሮን ያነግሣል፣ ቀጣዩ እሱን አውርዶ ስሜትን ያነግሣል።»

«መድኃኒቱስ በየትኛው ዘመን ነው?»

«መድኃኒት የለበትም አክስቴ። ግጥምና ልብ ወለድ ነው የማጠናው፤ ዶክተር የሚባለው የትምህርቱ ማዕረግ ነው።»

«መርፌ አትወጋም?»

«አልወጋም። ምነው?»

«እናትህ ጡቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት ከፋሲካ ወዲህ ደብቃው ኖራለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት፣ ልጄ ዶክተር እያለ ጡቴን ለማን አሳያለሁ አለችኝ። አሁን ቆስሏል።»

«ለምን አልደወላችሁልኝም?»

«ትምህርቱን ጥሎ እንዳይመጣ ብላ አስማለችን። በል እንግዲህ፣ ግጥም ነው የተማርኩት እንዳትላት። ቁስሉን እየውና ጎንደር ሐኪም ቤት ሂጂ በላት። ከአንተ ሌላ አትሰማም።»

«እሺ» አለ።

ኮሶዬ ወራጅ ነበርኩ፤ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ሁለት ኩርባ አልፌ ወረድኩ።