የማስተር ቀበቶ

ካታ ማለት አንድ ሰው ከማይታይ ጠላት ጋር፣ አስቀድሞ በታወቀ ቅደም ተከተል ተጋጥሞ ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት የካራቴ ሥርዓት ነው። በትርኢት ቀን ግን ለተመልካች ሲባል ጠላቱ ይታያል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ባሳየነው ትርኢት ቢላዋ የያዘው ጠላት እኔ ነበርኩ። ቢላዋው በፀሐይ እንዲያብረቀርቅ ስለተፈለገ እውነተኛ ነው፤ የምወጋው ግን ከአሠልጣኛችን ከማስተር ጎን ያለውን አየር ነው። ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ሆዳቸውን ለጥቂት የሳትኩ ይመስለዋል።

የዚያን ቀን ግን ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦን ነበር። በጎን በኩል የቆመው የሰፈሩ ባለ ልኳንዳ፣ "ወንድሜ፣ በመሀላችሁ እኮ በሬ ያልፋል!" ብሎ ጮኸ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ማስተር ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ጠጋ አሉኝና "አሁን የእውነት ሆዴን ውጋ፣ እመክተዋለሁ" አሉ።

"ማስተር፣ ይቅርብዎ።"

"ውጋ አልኩህ!"

እስከዚያ ቀን ሲመክቱ የኖሩት ወደ እሳቸው ያልመጣ ቢላዋ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ሰነዘርኩ። የእሳቸው እጅ ዘገየ። ቢላዋው ሆዳቸው ላይ ተሰክቶ ቆመ።

ወደ ታች ለማየት አልደፈርኩም።

"ማስተር፣ ደም አለ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"የቀበቶዬ ቋጠሮ ነው የያዘው" አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ቀስ ብለህ ንቀልና ጮኸህ ውደቅ።"

ነቀልኩ፤ ጮህኩ፤ ወደቅኩ። ማስተር አሸነፉ።