ከርሞን የጠበቁት በር ሠሪ

“ከፍ አድርገህ አንብብ፤ በሩ ጋ ያሉት አይሰማቸውም” አሉ የሟች ታላቅ እህት፣ አጠገባቸው ለቆመው ልጃቸው።

አስከሬኑ አዳራሹ መሐል፣ በሁለቱ የቅርጫት ኳስ ቀለበቶች መካከል አርፏል። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ከእነርሱ በላይ ያለውን ወንበር ሟች በሕይወት ሳሉ ሰላምታ የነፈጓቸው የሰፈሩ ቡድን አዳዲስ ደጋፊዎች ሞልተውታል። ልጁ ጉሮሮውን ጠርጎ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

ዛሬ የምንሸኛቸው በር ሠሪ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ባልዲ ከሚደቀንበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወልደው፣ ታላቅ እህታቸው የጠበባትን ሹራብ እየወረሱ ያደጉ ሲሆን፣ ገና ከልጅነታቸው በሰው እጅ ያለውን ሁሉ የሚያስተውሉ ነበሩ።

“ቀናተኛ ነበር በለው። ምን ታሽሞነሙነዋለህ?”

“እማዬ፣ ወረቀቱ ላይ ‘የሚያስተውሉ’ ነው የሚለው።”

“አስተዋይም ነበር። ቀናተኛም ነበር። ቀጥል።”

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ መረብ በሌለው ቀለበት ሥር ኳስ ማንጠር ቢለምዱም፣ እርሳቸው ራሳቸው ይሉት እንደነበረው ቁመት ሲታደል ሰልፉ ላይ ስላልነበሩ፣ ረጃጅሞቹ ሲጫወቱ ጃኬት ጠባቂ ሆነው ቀሩ፤ ጃኬቱን እየጠበቁም ጨዋታውን ከተጫዋቾቹ አብልጠው ወደዱት።

ከዚያም የአባታቸውን መላጊያ ተረክበው በር ሠሪ ሆኑ። የእርሳቸው በር ሲዘጋ አይጮኽም፤ እጀታውን ትንሽ ወደ ላይ አንስቶ የሳበው ሰው መዝጋቱን የሚያውቀው በእጁ እንጂ በጆሮው አልነበረም።

በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከሚሠሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ያፈሩ ሲሆን፣ ከጋብቻው ጋር የባለቤታቸው ወንድም የሆኑትን የታክሲ ሹፌር አማችም አብረው አገኙ፤ አማቻቸውም የላይ ሰፈር ቡድን ደጋፊ ነበሩ። ላይ ሰፈር በየዓመቱ ዋንጫ ይወስድ ነበር። አማቻቸው ከዋንጫው ጋር የተነሱትን ፎቶ በየዓመቱ በእህታቸውና በሟች ሳሎን ይሰቅሉ ነበር። ሟች ሚስማሩን አልነቀሉም፤ አናጺ ናቸውና ግድግዳ አያቆስሉም፤ ፎቶውን ግን ወደ ግድግዳው ያዞሩት ነበር።

ከሦስተኛው ረድፍ ሳቅ ተሰማ። ሚስታቸው ናቸው።

ሟች የሚደግፉት የታች ሰፈር ቡድን አዲስ አሰልጣኝ የቀጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ሰውየው በተጠየቁ ቁጥር “ከርሞ ታያላችሁ” ስለሚሉ ስማቸው ከርሞ ሆኖ ቀረ። ከርሞ አሮጌውን ቡድን አፈረሱ። ሰፈሩ የሚመካበትን ግራኝ ተጫዋች፣ ከሁሉም ቡድን ለይተው፣ ለላይ ሰፈር ሰጥተው በምትኩ ጢም ያላበቀሉ ልጆች ተቀበሉ። አማቻቸውም በማግስቱ መጥተው “ግራኙን ስለላካችሁልን እግዜር ይስጥልን፤ የስጦታ ሣጥኑን ብቻ ረስታችኋል” ቢሏቸው፣ ሟች ወደ ሥራ ቤታቸው ሄደው ሙሉ ቀን አንድ ጣውላ ሲልጉ ዋሉ፤ ሲመሽ ጣውላው ማስመሪያ አክሎ ነበር።

በአደባባይ ለከርሞ ጠበቃ ሆኑ፤ “የበሰበሰ መቃን ላይ አዲስ በር አይሰቀልም” እያሉ ተከራከሩ። ቤት ሲገቡ ግን ከሳሽ ነበሩ፤ “ማፍረስማ ማን ያቅተዋል” ይሉ ነበር። ቡድኑ ዓመት በዓመት ላይ ሲሸነፍ፣ አዳራሹ ውስጥ የቀሩት እርሳቸው፣ ፀጉር አስተካካዩና ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ብቻ ሆኑ። ሦስቱ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል የአዳራሹ ዘበኛ ከደጃፉ “ኑ ግቡ!” ብሎ ይጠራቸዋል፤ እነርሱም ቀስ ብለው ተሻግረው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ልማዳቸው ሆነ። የአዳራሹ በር ደግሞ ዘሞ አይገጥምም ነበር። ሟች፣ እንኳን አላፊ አግዳሚ ነፋስም ቢሆን ይግባ ብለው፣ ሳይጠግኑት ተዉት።

ልጆቹ ጢም አበቀሉ። ማሸነፍም ጀመሩ። ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ሟች ደስታቸውን ከማንም ጋር መካፈል አልቻሉም፤ “ዝናቡን እኛ ጠጣነው፣ እሸቱን እነርሱ ይበላሉ” እያሉ፣ ባለ አዲስ ማልያውን ሁሉ እንደ ጣውላ ሌባ ያዩት ነበር። ግፊያው ሲበዛ የአዳራሹ ኃላፊዎች በሩን ቢያስጠግኗቸው፣ ማጠፊያውን ለውጠው፣ ጠርዙን በወፍራም ጨርቅ ለብደው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከሠሩት ሁሉ የሚበልጥ በር አደረጉት። ከተዘጋ ድምፅ አይወጣም፣ ድምፅ አይገባም።

የፍጻሜው ቀን ታች ሰፈር ከላይ ሰፈር ጋር ደረሰው። ሁለቱ ጓደኞቻቸው “ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ ቀድመን እንግባ” ብለው ለመኗቸው። “ትናንት ከመጣ ሰው ጋር አልሰለፍም፤ ዘበኛው ይጠራኛል” አሉ። ሦስቱም ሻይ ቤቱ ተቀምጠው ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቁ። ዘበኛው አዲስ ነበር። አዳራሹ ሲሞላ ሳይጠራቸው በሩን ዘጋው።

አንባቢው ቆመ።

“አንብበው” አሉ እናቱ፣ ቀስ ብለው።

ሟች ተሻግረው መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። ምንም አልተሰማቸውም። በስተመጨረሻ እንጨቱ ተንቀጠቀጠ፤ ታች ሰፈር ማሸነፉን በእጃቸው ዐወቁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጡት የተሸናፊው ደጋፊ፣ አማቻቸው ነበሩ።

“አየኸው?” አሏቸው ሟች።

“ምን ላድርግ አማቼ፣ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።”

የእንጨት ብናኝ ለዓመታት ያጠቃው ሳንባቸው አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ፣ አማቻቸው ታክሲያቸውን ከደጅ አቁመው በየዕለቱ እየገቡ ያንን ጨዋታ ይተርኩላቸው ነበር።

“ቆይ፣ አትሩጥ” ይላሉ ሟች፤ “ግራኙ የመጨረሻዋን ሲስታት ፊቱን አየኸው?”

“አየሁት።”

“በደንብ?”

“በደንብ።”

ሟች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩና “በል፣ ከመጀመሪያው” ይሉ ነበር። አንድ ጠዋት፣ አማቻቸው እየመጡ ሳሉ፣ ሟች ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እህታቸውን፣ የረድፍ ጓደኞቻቸውንና ጨዋታውን ያዩላቸውን አማቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሰልፍ በሌለበት ደጅ ይቀበልልን፤ የቀረነውንም የከርሞ ሰው ይበለን።

ሬሳ ሣጥኑ ወጣ፤ ሕዝቡ ተከተለ። ፀጉር አስተካካዩና ቲኬት ቆራጩ ሰው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁና ወጡ። አማችየው ብቻ ቀሩ።

“ጋሼ፣ ልዘጋው ነው” አለ ዘበኛው።

“ተው፣ እኔ።”

ወጡና እጀታውን ትንሽ ወደ ላይ አንስተው ሳቡት። በሩ ያለ ድምፅ ገጠመ።