ጉልበት የዳነበት ዓመት

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በጭነት መኪና ስንጓዝ፣ ቁርኣን የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌና አንድ የሕክምና ተማሪ አጠገቤ ተቀምጠው ወሬ ያዙ።

«ሼኪ፣ ሲሳፈሩ አየሁዎት፤ እንደ ጎረምሳ ዘለው ነው የወጡት።»

«አልሃምዱሊላህ! ስንት ዓመት ተቀምጬ ስሰግድ ኖሬ፣ ዘንድሮ ግንባሬ መሬት ነካ።»

«ምን ነበር ያመመዎት?»

«መጋጠሚያዬ ሁሉ ያብጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት እንደ እንጨት ነው የምደርቅ።»

«አስተማሪያችን የሚመራመሩት በእሱ ላይ ነው። ደማችን ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቁን ዘቦች አሉ። አንዳንዴ ይሳሳቱና የመጋጠሚያችንን ልም አጥንት ይበላሉ።»

«የሚጠብቁን ራሳቸው?»

«ራሳቸው።»

«እንደ አብዮት ጠባቂዎቹ በለኛ!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል!»

«ታዲያ ዘንድሮ ምን አስተዋቸው?»

ተማሪው የሽማግሌውን የቀጠነ ክንድ ዳሰሰ።

«ሼኪ፣ እህል ከቀመሱ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«የምን እህል? በስልሳ ስድስቱም ረሃብ እንዲሁ ተሽሎኝ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ፣ እህል ስንቀምስ፣ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ።»

«ዘቦቹም በረሃብ ደክመው ነው እኮ። መዳን አይደለም ሼኪ፤ ሰውነትዎ እያለቀ ነው። ይህችን ዳቦ ይብሉ።»

«መልሰህ ያዛት፣ ልጄ። ደሴ ገብቼ ጁምዓን ተደፍቼ ልስገድ፤ ከዚያ እበላለሁ።»

«እስከ ጁምዓ ባይደርሱስ?»

«ከበላሁማ እደርሳለሁ፤ ግን ተቀምጬ ነው የምሰግድ።»

ክረምቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ የከረመውን ጉልበቴን ቀስ ብዬ ጫን አልኩት፤ ምንም አላመመኝም።