ከአልጋ ሰባት እስከ ላብራቶሪ

(ድሬዳዋ፣ የአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፤ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ኢክራምና አገጩን በፎጣ ያሰረው የናሙና አመላላሹ ጋሽ አሰግድ፣ ማሽኑ ውጤት እስኪሰጥ ይጠብቃሉ።)

አሰግድ፦ በቃ አሁን ፍቺልኝ። ደሙም ደርሷል፣ እኔም ደርሻለሁ፤ ጆሮዬ ደንዝዟል።

ኢክራም፦ ራስህ አስረኸው እኔ ልፍታልህ? ፎጣ እሰር ያለህ የለም። እኔ ያልኩህ መንገድ ላይ አትቁም ብቻ ነው።

አሰግድ፦ አትቁም ማለት ላንቺ ቀላል ነው። እዚህ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ዝም ብዬ ባልፍ “አሰግድ ምን ደርሶበት ነው?” ተብሎ ሰው ቤቴ ድረስ ይመጣል። ጥርሱን ያመመውን ግን ማንም አናግረን አይለውም። አስቤበት ነው ያሰርኩት።

ኢክራም፦ ታዲያ ሠራልህ?

አሰግድ፦ ጥበቃው “እግዜር ይማርህ” ብሎ አሳለፈኝ። የካርድ ክፍሏ ዘይነባ ቅርንፉድ ልስጥህ እያለች ተከተለችኝ፤ በእጄ እምቢ እያልኩ አመለጥኳት። ጉዱ የመጣው ፋርማሲው ጥግ ላይ ነው። ከማን ጋር ብገጣጠም ጥሩ ነው? ከጥርስ ሐኪሙ።

ኢክራም፦ ወይ ጋሼ።

አሰግድ፦ አፍህን ክፈት አለኝ። ደሙን በበረዶ የያዝኩበትን ሣጥን አሳየሁት፣ ወደ ላብራቶሪ ጠቆምኩ። እሱ በረዶውን ለጥርሴ የያዝኩት መሰለው፤ ጥሩ አድርገሃል፣ እስቲ ልየው ብሎ ክዳኑ ላይ እጁን ሲያሳርፍ፣ ሮጥኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ተራ የሚጠብቀው ታካሚ ሁሉ እያየኝ፣ ከጥርስ ሐኪም ሸሽቼ ሮጥኩ። እኔን ያየ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

ኢክራም፦ ስድስት ደቂቃ ነው የፈጀብህ። ባለፈው ሳምንት ሃምሳ ሦስት ነበር።

አሰግድ፦ ሃምሳ ሦስት? ማን ቆጠረው?

ኢክራም፦ እኔ። ከአልጋው ጀምሮ ከኋላህ ነበርኩ።

አሰግድ፦ ተከትለሽኝ ነበር? እንደ ሌባ?

ኢክራም፦ እንደ ሌባማ የተከተልኩህ እኔ ነኝ፤ አንተማ እንደ ሙሽራ ነበር የምትሄደው። ጥበቃው ጋ ስምንት ደቂቃ፣ ስለ ወንድሙ ልጅ መንጃ ፈቃድ። ዘይነባ ጋ አሥራ አንድ። ከእሷ ስትላቀቅ ደግሞ መኪና መግፋት ጀመርክ።

አሰግድ፦ አምቡላንስ እኮ ነው! ባትሪው ሞቶ ቆሟል። አልግፋ?

ኢክራም፦ ግፋ። ሣጥኑን ግን የት አስቀመጥከው?

አሰግድ፦ … ኮፈኑ ላይ።

ኢክራም፦ ሞተር ላይ፣ በድሬዳዋ ፀሐይ። እኔ ጋ ሲደርስ በረዶው ውሃ ሆኖ ቲዩቡ ይዋኝ ነበር። ከዚያ በፊት ያመጣኸው የመጀመሪያው ናሙና ደግሞ ጭራሽ በደረት ኪስህ ነበር።

አሰግድ፦ እንዳይሰበር ብዬ ነዋ። የሰው ደም ከደረቴ በላይ የት ላስቀምጠው? ደግሞስ ደም ደም ነው። ስኳሩንም፣ ታይፎይዱንም እንዲሁ ሳመጣ ኖሬያለሁ፤ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ኢክራም፦ ይሄኛው ሌላ ነው። እየውልህ፤ አንጎል ሥር አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች። ኩላሊት ላይ ለተቀመጡት ሁለት ዕጢዎች በደም በኩል መልእክት ትልካለች። እነሱ ታመው ካልመለሱላት ደጋግማ ትልካለች፣ ደሙ ውስጥ መልእክቱ ይበዛል። የታመመችው እሷ ከሆነች ደግሞ መልእክቱ ያንሳል። ዶክተሩ ማወቅ የፈለገው ይሄንን ነው፤ በሽታው ላይ ነው ወይስ ታች?

አሰግድ፦ እሺ። ቁጠሪዋ።

ኢክራም፦ እንዳልቆጥረው የመልእክቱ ዕድሜ አጭር ነው። ደሙ በረዶ ላይ ካልሆነና ውሃው ከቀዩ ቶሎ ካልተለየ፣ እዚያው ቲዩቡ ውስጥ እየፈራረሰ ያልቃል። ማሽኑ የተረፈውን እንጂ የጠፋውን አያውቅም። በመጀመሪያው አርባ አንድ አለኝ፣ በሁለተኛው ሃያ ስምንት። ዶክተሩ ትንሽ ነው አለ፤ ስለዚህ ችግሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፣ አዲስ አበባ ሄዳ ጭንቅላቷን ኤም አር አይ ትነሣ፣ ምናልባትም ትከፈት ተባለ።

አሰግድ፦ ማን ናት?

ኢክራም፦ የአልጋ ሰባቷ። መምህርት ፈትለወርቅ።

አሰግድ፦ የሒሳብ አስተማሪዋ? የኔን ትንሿን ልጅ ማባዛት ያስያዘቻት? ኧረ በጌታ! ደሟን ልወስድ ስመጣ ሁሌ ተሸፋፍና ተኝታ ፊቷን መች አየሁት። ምነው ሳትነግሪኝ?

ኢክራም፦ የሰው ደም ነው ጋሼ። አይበቃም?

አሰግድ፦ … ይበቃል። ምን ሆና ነው?

ኢክራም፦ ሦስት ወር ሆናት፤ ድካም ብቻ ነበር። ከሳች፤ አንድ ቀን ጠመኔ እንደያዘች ልጆቹ ፊት ወደቀች። ነርሷ እንደነገረችኝ ድዷና የመዳፏ መስመሮች ጠቁረዋል፣ ከምግብ ሁሉ የሚያምራት ጨው ብቻ ነው። ትራሷ ሥር በወረቀት ጠቅልላ የደበቀችውን ነርሷ አግኝታባታለች። ጭንቅላትሽ ሊከፈት ይችላል ከተባለች በኋላ ደግሞ እህቷን ከጅግጅጋ አስጠርታ ልጇን አደራ ብላታለች። ያልታረመውን ፈተና አልጋዋ ላይ ሆና አርማ ጨርሳ ወደ ትምህርት ቤት ልካለች። ሰው እንዲህ የሚያደርገው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ።

አሰግድ፦ አውቃለሁ።

ኢክራም፦ ጨው ማማሩና መጥቆሩ ከቁጥሩ ጋር አልገጥም አለኝ። ዶክተሩን ለምኜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ይቀዳ አልኩት። እሱ ማሽኑ ነው የተበላሸው አለ፤ ኃላፊዬ ደግሞ እኔን ጠረጠረ።

አሰግድ፦ ማሽኑ ጮኸ።

ኢክራም፦ ቆይ… ቆይ። ሦስት መቶ አሥር።

አሰግድ፦ ጥሩ ነው መጥፎ?

ኢክራም፦ ሦስት መቶ አሥር ጋሼ! በሽታው ታች ነው። ጭንቅላቷ ደህና ነው። ኪኒን እየወሰደች ክፍሏ ትመለሳለች፤ ኩላሊቷ ላይ ያሉትን ዕጢዎች ምን እንደነካቸው ደግሞ እዚሁ ይመረመራል። ስልኩን አቀብለኝ… ሄሎ፣ ዶክተር? ኢክራም ነኝ። የአልጋ ሰባት፣ ሦስት መቶ አሥር… አዎ፣ በበረዶ፣ በስድስት ደቂቃ… የአዲስ አበባው ይቅር? እሺ። እሺ ዶክተር።

አሰግድ፦ ቀረላት?

ኢክራም፦ ቀረላት። አሁኑኑ ሊያናግራት ይወርዳል። በል እንግዲህ፣ እኔም ሪፖርቴን ልጻፍ። የፊተኞቹ ሁለት ውጤቶች የተበላሹት በአመላላሹ መዘግየት ነው ብዬ፣ ከነደቂቃው።

አሰግድ፦ ጻፊ። እውነት ነው፤ አልክድም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ዘይነባ ጋ ቆሜ ስስቅ አንቺ የት ነበርሽ?

ኢክራም፦ ኮሪደሩ ላይ፣ ከዓምዱ ኋላ።

አሰግድ፦ አምቡላንሱን ስገፋስ?

ኢክራም፦ ዛፉ ሥር።

አሰግድ፦ ሣጥኑ ፀሐይ ላይ መሆኑን እያየሽ።

ኢክራም፦ እያየሁ… ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር ጋሼ። ማንም አያምነኝም ነበር። ውጤቱ ላይ አጠራጣሪ ነው ብዬ ጽፌበታለሁ።

አሰግድ፦ ዶክተሩ አነበበው?

ኢክራም፦ … ቁጥሩን ብቻ ነው ያየው።

አሰግድ፦ እኔ ደሙ እየፈረሰ መሆኑን አላውቅም ነበር ኢክራም። አንቺ ታውቂ ነበር። እጅሽን ዘርግተሽ ሣጥኑን ብትቀበዪኝ ኖሮ፣ ያቺ ሴት እህቷን አታስጠራም ነበር። ነይ፣ ይሄን ፎጣ ፍቺና እንሂድ። መጀመሪያ እኔ ገብቼ ያዘገየሁብሽ እኔ ነኝ እላታለሁ፤ አንቺ ከኋላዬ ትመጫለሽ፣ መከተሉን እንደሆነ ታውቂበታለሽ።