ለልጄ ሠርግ ያቃጠልኩት ጉንጭ

ከማክሰኝት ወደ ጎንደር በሚመጣው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች እዚያው የተዋወቁ ናቸው። የትልቋ ጉንጭ ላይ ሊሽር የደረሰ ክብ ቁስል አለ።

«ምነው እትዬ፣ ጉንጭዎ እሳት ነክቶት ነው?» አለች ወጣቷ።

«የፊት ቆዳ የሚያጠብቅ ማሽን ነው። ልጄን ስድር ከሙሽራዋ እናት እንዳላንስ ብዬ ገዛሁት።»

«ማሽኑ አቃጠለዎት?»

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። መመሪያው ጄል ተቀቡ ይላል። ያው ቅባት አይደል ብዬ ቅቤ ቀባሁ።»

«ቅቤ?»

«ለጋ ቅቤ። ደግሞ አንድ ቦታ አታቁሙት፣ እያንሸራተታችሁ ይላል። የተሸበሸበው ላይ ካልቆየ ምን ይሠራል ብዬ ተጭኜ ያዝኩት።»

«ሲፋጅዎትስ?»

«እየሠራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

ሁለቱም ሳቁ።

«ሠርጉ እንዴት ሆነ ታዲያ?»

«በነጠላ ተሸፍኜ ዋልኩ። ሰዉ ‹ልጇን ስትድር ሆድ ብሷት ነው› እያለ ሲያባብለኝ ዋለ። የሙሽራዋ እናት ግን ጠጋ ብላ ነጠላውን ገለጥ አደረገችና ‹እኔም ገዝቻለሁ፤ ፈርቼ አልነካሁትም› አለችኝ።»

«አሁን ወዴት ነዎት?»

«እሷ ዘንድ። ሐኪሙ ቁስሉ በደንብ እስኪድን ማሽኑን እንዳትነኪ ብሎኛል። ለእሷ ግን ጄሉን ቀብቼ፣ በትንሹ ሙቀት፣ እጄን ሳላቆም ላደርግላት ነው። ከፈጀሽ ቶሎ ተናገሪ ብያታለሁ።»

«አመነችዎት?»

«ከተቃጠለ ሰው በላይ ማንን ልታምን ኖሯል?»

አዘዞ ላይ መውረድ ሲገባኝ ወሬያቸውን እየሰማሁ እስከ ፒያሳ ሄድኩ።