የሞስኮብ ጠባይ በእንፍራንዝ

ይህን በመናገሬ አስቀድሜ መንግሥታትን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገሩ ከባድ ነው። ጎንደር አስተማሪ ነኝ፤ እንፍራንዝ ደግሞ እስከ ወንዙ የምትወርድ ርስት ነበረችኝ። አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ሞስኮብ፣ ማለት ሩሲያ፣ ጎረቤቱን ለምን እንደሚገፋ አስረዳሁ። «ክፋት አይደለም፤ ባሕሩ በረዶ ስለሆነበት ነው። እሱን የሚገፋው ቦታው ነው» አልኩ። ከርስቴ በላይ ዳገቱን የሚያርሱት አያ ተሰማ ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ከብቶቻቸውን ወንዜ ዳር አገኘኋቸው፤ የድንበሩም ድንጋይ አብሯቸው ወርዷል። ሽማግሌ አስቀመጥኩ። አያ ተሰማ ተነሥተው፣ «እኔ ምን አደረግሁ? ላይ ውሃ የለም። የገፋኝ ቦታው ነው፤ መምህሩ ራሱ አስተምሮኛል» አሉ።

ሽማግሎቹ ወደ እኔ ዞሩ። «ብለሃል?»

«ብያለሁ፤ ግን ስለ ሞስኮብ ነው።»

«ምነው፣ ሞስኮብ ከብት የለውም?»

ጥቂት ተመካከሩና ፈረዱ፦ «ጥፋቱ የቦታው ከሆነ ቦታ ተለዋወጡ። ሸጋ ጎረቤት ትሆናላችሁ።» ምን ልበል፤ ትምህርቴን ልካድ?

ይኸው አሁን ዳገቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ታች ያሉት አያ ተሰማ ድንበር ማክበር ጽድቅ መሆኑን ይሰብካሉ። ትምህርቱ እውነት መሆኑን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ድንጋዩ ሰሞኑን እንደገና መውረድ ጀምሯል። አደራ፣ ለአያ ተሰማ እንዳትነግሩብኝ።